«ዲስገስት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ለመጠቀም፦ ዝርዝር መመሪያ

ሥራ አስጠላኝ። ዝናቡ አስጠላኝ። ስልክ ማንሳት አስጠላኝ። የቆሻሻ መጣያው ሽታ አስጠላኝ። በአማርኛ አራቱንም በአንድ ቃል እንላቸዋለን፤ ሰሚውም ግራ አይጋባም። በእንግሊዝኛ ግን ከአራቱ «ዲስገስት» የሚገባው ለመጨረሻው ብቻ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ዲስገስት፦ ማስጠላት፣ መጸየፍ» የሚል ያነበበ ሰው በሦስቱ ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ስሕተቱም በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ሥራ ሰለቸኝ ለማለት ፈልጎ ሥራዬ ሊያስመልሰኝ ነው ብሎ ይገኛል።

ሌላም ችግር አለ። በነጠላ ሰረዝ ጎን ለጎን የተቀመጡት «ማስጠላት» እና «መጸየፍ» አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። አንደኛው ከነገሩ ተነሥቶ ወደ ሰውየው ይመጣል፤ ሌላው ከሰውየው ተነሥቶ ወደ ነገሩ ይሄዳል። የቃሉ ሰዋስው በሙሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይበታለን።

ደረጃ 1፦ ስሜቱን ለዩ

ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። «ጉስቱስ» በላቲን ጣዕም ነው፤ ፊቱ ላይ የገባው «ዲስ» ደግሞ አፍራሽ ነው። ስለዚህ ከሥሩ የምላስ ቃል ነው፤ አፍ የማይቀበለው፣ ከገባም ተተፍቶ የሚወጣ ነገር። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፉ የቃሉን ቀላል ትርጉም ጣዕምን ከሚያስቀይም ነገር ጋር ነው ያያያዘው። ፊታችንም ይህንኑ ይናገራል፦ አፍንጫ ይሸበሸባል፣ የላይኛው ከንፈር ወደ ላይ ይሳባል፣ አንዳንዴ ምላስ ወጣ ይላል። ፊታችሁ እንዲህ ሊሆን የሚችልበት ነገር ከሆነ «ዲስገስት» ቦታው ነው።

ከምላስ ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን፣ ከዚያም ወደ ኅሊና ተስፋፍቷል። በደካማ ላይ የሚፈጸም ጭካኔ፣ ዓይን ያወጣ ውሸት፣ የአደራ ገንዘብ መብላት፣ እነዚህም በእንግሊዝኛ «ዲስገስት» ያደርጋሉ። ነገር ግን ሆድን የሚነካ ክብደት ሲኖራቸው ብቻ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። በአማርኛ ልትሉ ያሰባችሁትን «አስጠላኝ» አውጡና በምትኩ «ቀፈፈኝ» ወይም «አቅለሸለሸኝ» አስገቡ። ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ «ዲስገስት» ይሆናል። «የቆሻሻ መጣያው ሽታ ቀፈፈኝ» ይቆማል። «ዝናቡ ቀፈፈኝ» ግን ማንም አይልም።

ፈተናውን ያላለፈው «አስጠላኝ» የየራሱ እንግሊዝኛ አለው። ሥራው ሰልችቷችሁ ከሆነ «አይም ታየርድ ኦፍ ማይ ጆብ» በሉ። ከመሰልቸት አልፎ አንገሽግሿችሁ ከሆነ «አይም ሲክ ኦፍ ኢት» ይባላል፤ እዚህ ላይ ሕመም እንደሌለ ሰሚው ያውቃል። ስልክ ማንሳት ያስጠላችሁ ፍላጎት አጥታችሁ ከሆነ «አይ ዶንት ፊል ላይክ አንሰሪንግ» ነው። ዝናቡን «አይ ሄት ዚስ ሬይን» ትሉታላችሁ። ስለ መልክ «አስጠሊታ» የምንለው ደግሞ «አግሊ» ነው፤ ሰውን «ዲስገስቲንግ» ማለት ከመልክ አልፎ ሰውነቱን ማራከስ ነውና ሁለቱን ፈጽሞ አታምታቱ።

ደረጃ 2፦ አፋችሁን አስተካክሉ

ቃሉ ሰባት ፊደል ነው፦ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ቲ። አምስተኛውን ፊደል አይቶ «ዲስጉስት» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ድምፁ «ኡ» አይደለም። አማርኛ እዚህ ላይ ውለታ ውሎልናል፤ የመጀመሪያው ቤት «ገ» ለእንግሊዝኛው ድምፅ በጣም ቅርብ ነው። ከ«ገ» ትንሽ ወደ «ጋ» ከፈት አድርጉት፣ ግን አታርዝሙት። መጨረሻውን እንደ «ስድስት» መጨረሻ ዝጉት፤ «ስ» እና «ት» መካከል ምንም አናባቢ ሳይገባ። «ስድስት» ማለት የሚችል ሰው ይህን ቃል መጨረስ አያቅተውም።

ጉልበቱ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፦ «ዲስ» ቀለል፣ «ገስት» ጠንከር። አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃላት ስም ሲሆኑና ግስ ሲሆኑ ጉልበታቸው ቦታ ይለውጣል፤ ይሄኛው አይለውጥም።

ቅጥያ ሲጨመርበት፦

«ዲስገስቲድ» ሦስት ምት ነው፦ ዲስ፣ ገስ፣ ቲድ። መጨረሻውን «ስትድ» ብላችሁ አታጨናንቁት።

«ዲስገስቲንግ» መጨረሻው በአፍንጫ ይለቀቃል። በፊደላችን «ንግ» ብለን ብንጽፈውም «ግ»ን አትምቱት።

«ዲስገስትስ» (ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ሲሆን) ምላስ ያደናቅፋል። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ፈጥነው ሲናገሩ መካከለኛውን «ት» ይውጡታል፤ እናንተም ብትውጡት ማንም አያርማችሁም።

አሁን ጆሮን ወደሚያታልለው ጎረቤት እንምጣ። «ተወያየን» የሚለው ቃል ኃላፊ ጊዜው «ዲስከስት» ነው፤ ከ«ዲስገስት» የሚለየው በአንዲት «ክ» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ከ«ስ» ቀጥሎ የሚመጡ «ክ» እና «ግ» በጣም ስለሚቀራረቡ ፈጥኖ በሚነገር ንግግር ሁለቱን በጆሮ መለየት ለባለ ቋንቋውም ከባድ ነው። የሚለያቸው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ዊ ዲስከስት ዘ ፕላን» ብሎ ዕቅድ ከተከተለ ውይይት ነው፤ ዕቅድ አይቀፈውምና። «ዴይ ዲስገስት ሚ» ብሎ ሰው ከተከተለ ማስጠላት ነው። በጽሑፍ ግን ምንም ሰበብ የለም፦ ማስጠላት በ«ጂ» ነው፤ መወያየት በ«ሲ» እና በሁለት ተከታታይ «ኤስ» ነው።

ደረጃ 3፦ አቅጣጫውን ያዙ

ግሱ «ዲስገስት» ማለት ማስጠላት ብቻ ነው። መጸየፍ ማለት አይደለም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሁልጊዜ የሚያስጠላው ነገር ነው፤ ተሳቢው ደግሞ የሚሰማው ሰው።

«ሽታው ቀፈፈኝ» የሚለውን እዩት። ባለቤቱ ሽታው ነው፤ እኔ በመጨረሻዋ «ኝ» ውስጥ ተቀምጫለሁ። እንግሊዝኛው በዚሁ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፦ «ዘ ስሜል ዲስገስቲድ ሚ»። «ኝ» «ሚ» ሆነች፤ ሌላ የተለወጠ የለም። ስለዚህ በአማርኛ «ኝ፣ ህ፣ ሽ፣ ው፣ ት፣ ን፣ ችሁ፣ ቸው» የሚሉት ተሳቢ ቅጥያዎች ስሜቱ ያደረበትን ሰው ካሳዩ ግሱን ቀጥታ ተጠቀሙ።

አደጋው ያለው «ተጸየፍኩት» ላይ ነው። እዚህ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ቃል በቃል ወስዶ «አይ ዲስገስቲድ ሂም» ያለ ሰው የተናገረው የፈለገውን ተቃራኒ ነው፤ ሰሚው የሚረዳው «እሱ እኔን ተጸየፈኝ፣ ያስጠላሁት እኔ ነኝ» ብሎ ነው። «አይ ዲስገስቲድ ዘ ፉድ» ደግሞ ምግቡ ሰው ሆኖ እኔን አይቶ እንዳቅለሸለሸው ዓይነት ይሆናል። ለ«ተጸየፍኩ» የሚያስፈልጋችሁ ረዳት ግስ ነው፦ «አይ ወዝ ዲስገስቲድ»። «ዲስገስቲድ» በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት መልክ ስላለው ዓይን ይሳሳታል። ከፊቱ «ወዝ» ወይም «አም» ካለ ስሜቱ ባለቤቱ ላይ ነው፤ ከሌለ ባለቤቱ ራሱ አስጠሊው ነው።

ለቅጽሎቹም በአማርኛ በኩል መፈተኛ አለ። «የሚቀፍ ሰው» እና «የቀፈፈው ሰው» የሚሉትን አስተያዩ። ሁለተኛው ላይ ያለችው ትንሿ «ው» ሰውየው ስሜቱ እንዳደረበት ትናገራለች። «የሚቀፍ፣ የሚያስጠላ፣ አጸያፊ» ከሆነ «ዲስገስቲንግ» ነው። «የቀፈፈው፣ የተጸየፈ» ከሆነ «ዲስገስቲድ» ነው። በ«ንግ» የሚያልቀው ስሜቱን ያመጣል፣ በ«ድ» የሚያልቀው ስሜቱን ይቀበላል። ይህን ሳይለዩ «አይ አም ዲስገስቲንግ» ማለት «የምቀፍ ሰው ነኝ» ብሎ በራስ ላይ መመስከር ነው። ከዚህ ቃል ስሕተቶች ሁሉ ተናጋሪውን የሚጎዳው ይሄኛው ነው፤ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ።

ግሱ የሁኔታ ግስ (ድርጊትን ሳይሆን ስሜትን የሚገልጽ) ስለሆነ በአሁን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ያለ «ንግ»፣ በቀላል መልኩ ይነገራል፦ «ሂ ዲስገስትስ ሚ»፣ ያስጠላኛል። «ሂ ኢዝ ዲስገስቲንግ ሚ» ለጆሮ ይጎረብጣል። «ሚ»ን ካወጣችሁት ደግሞ «ሂ ኢዝ ዲስገስቲንግ»፣ የሚቀፍ ሰው ነው፣ የሚል ትክክለኛና ከባድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ፦ «የማቀዝቀዣውን በር ስከፍት የተበላሸው ወተት ሽታ ቀፈፈኝና ፊቴን አዞርኩ።»

መጀመሪያ፣ አስጠሊው ማነው? ሽታው። ተቀባዩስ? እኔ፣ በ«ኝ»። ስለዚህ መሐሉ «ዘ ስሜል ኦፍ ዘ ስፖይልድ ሚልክ ዲስገስቲድ ሚ» ነው። ከፊቱ «ወን አይ ኦፕንድ ዘ ፍሪጅ»፣ ከኋላው «ኤንድ አይ ተርንድ አዌይ» ይገባል። ትክክል ነው፤ ግን ይንቀረፈፋል። እንግሊዝኛ ስሜቱን ከድርጊቱ ጋር ማሰር ይወዳልና ግሱን በስም ለውጡት፦ «ወን አይ ኦፕንድ ዘ ፍሪጅ፣ ዘ ስሜል ኦፍ ዘ ስፖይልድ ሚልክ ሜድ ሚ ተርን አዌይ ኢን ዲስገስት።» አሁን መዞሩና መጸየፉ አንድ እንቅስቃሴ ሆኑ።

ደረጃ 4፦ መስተዋድዱን ምረጡ

አማርኛ «በ» ብሎ ይገላገላል፤ በምግባሩ፣ በወሬው፣ በእሱ። እንግሊዝኛ ለ«ዲስገስቲድ» ሦስት አለው።

«ባይ» ዓይንን፣ አፍንጫንና ጆሮን ለሚመታ ነገር ይስማማል፦ «ዲስገስቲድ ባይ ዘ ስሜል»። «አት» ለተፈጸመ ነገር፣ ለዜናና ለድርጊት ነው፦ «ዲስገስቲድ አት ዘ ዲሲዥን»። «ዊዝ» ለሰው ነው፤ በተለይ ጥፋተኛ ለምትሉት ሰው፣ ወይም ለራስ፦ «ዲስገስቲድ ዊዝ ማይሰልፍ»፣ ራሴን ተጸየፍኩት። በ«ባይ» እና በ«አት» መካከል ያለው አጥር ልል ነው፤ ብታቀያይሯቸው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት አይሆንም። ለሰው ግን «ዊዝ»ን አጥብቃችሁ ያዙ። «ፍሮም» አይሠራም፤ «ኦፍ»ም እንዲሁ። «ኦፍ» የሚመጣው «ሲክ ኦፍ» ከሚለው ጋር በመምታታት ነው።

ከመስተዋድድ ይልቅ ሙሉ ሐሳብ ማስከተል ከፈለጋችሁ «ዳት» ይገባል፦ «አይም ዲስገስቲድ ዳት ኖባዲ ሄልፕድ»፣ ማንም አለመርዳቱ አንገሸገሸኝ። ግስ ሲከተል ደግሞ «ቱ»፦ «ሺ ወዝ ዲስገስቲድ ቱ ፋይንድ…»፣ ስታገኝ ተጸየፈች። «ሳይ ይቀፈኛል» የሚለው አባባላችን ልክ የሚገጥመው ከዚህ ጋር ነው፦ «ኢት ዲስገስትስ ሚ ቱ ሲ…»።

ደረጃ 5፦ ስም አድርጋችሁ ተጠቀሙበት

ስሙ አይቆጠርም፤ ብዙ ቁጥር አይሠራለትም። ቅጽል ሲቀድመው አንዳንዴ «ኤ» ይቀበላል፤ «ኤ ዲፕ ዲስገስት» እንደማለት። እንደ ተሠሩ ሆነው የሚገኙትን ሐረጎች እንዳሉ መያዝ ይሻላል፦

«ኢን ዲስገስት»፣ ተጸይፎ። ጥሎ መውጣት፣ መዞር፣ ራስ መነቅነቅን ከመሳሰሉ ድርጊቶች በኋላ ይመጣል። በጽሑፍ በብዛት የምታገኙት ይህን ነው።

«ቱ ማይ ዲስገስት»፣ ነገሩን ሳይ የተሰማኝ መጸየፍ ነበር ለማለት፤ ዓረፍተ ነገር ይከፍታል። «ማች» ከፊቱ ቢገባ ይጠነክራል።

«ኤ ሉክ ኦፍ ዲስገስት»፣ የመጸየፍ ፊት።

ተውሳከ ግሶቹ ሁለት ናቸው፤ አጠቃቀማቸውም ለየቅል ነው። «ዲስገስቲድሊ» ሰውየው እንዴት እንዳደረገው ይናገራል፦ ተጸይፎ ራሱን ነቀነቀ። «ዲስገስቲንግሊ» ደግሞ የቅጽል ማጉያ ነው፦ «ዲስገስቲንግሊ ደርቲ»፣ እስኪቀፍ የቆሸሸ። ይሄኛው በወዳጅ መካከል የቅናት ቀልድም ይሆናል፤ «ዲስገስቲንግሊ ሪች» ቢሏችሁ ሀብታችሁ ያስቀናል ማለታቸው ነው እንጂ ስድብ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጥንካሬውን መጥኑ

«ዲስገስቲንግ» በራሱ ጫፍ የደረሰ ቃል ስለሆነ «ቨሪ» ብዙም አይጨምርለትም። ስሕተት አይደለም፤ ግን «አብሶሉትሊ»፣ «ሪሊ» ወይም «አተርሊ» ይበልጥ ያምርበታል። ወደ ታች ለማውረድ «ስላይትሊ ዲስገስቲድ» ይቻላል።

ሰው ያዘጋጀላችሁን ነገር «ዲስገስቲንግ» ማለት እጁን መሳደብ ነው። ባይስማማችሁ «ኢትስ ኖት ሪሊ ፎር ሚ»፣ ለእኔ አይሆንም፣ ወይም «አይም ኖት ኪን ኦን ኢት»፣ ብዙ አልወደውም፣ በሉ። ሐሳባችሁን ሳትደብቁ ማለዘብ ስትፈልጉ «አይ ፋይንድ ኢት ዲስገስቲንግ» አለ፤ ፍርዱን ነገሩ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ የራሳችሁ ስሜት ታደርጉታላችሁ። በአቤቱታ ደብዳቤ ላይ «ዲስገስቲድ» ቁጡ ሆኖ ይነበባል። መልስ የምትፈልጉ ከሆነ «ዲሳፖይንቲድ» ብላችሁ ዝርዝሩን መጻፉ ይሻላል፤ ከባዱን ቃል ለከባድ በደል አቆዩት።

ደረጃ 7፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

«ዲስቴይስት» አሠራሩ አንድ ነው፤ «ዲስ» እና ጣዕም። ክብደቱ ግን ቀላል ነው፤ አለመውደድ እንጂ ማቅለሽለሽ የለበትም፣ መስተዋድዱም «ፎር» ነው። «ዲቴስት» እና «ሎውዝ» የቆየ ጥላቻ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ባለቤቱ ጠይው ሰው ነው። «አይ ሎውዝ ሂም» ብትሉ አቅጣጫው ልክ ነው፤ «ተጸየፍኩት» ለማለት ግስ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ይህን ነው። ልዩነታቸው፣ «ዲስገስት» ድንገት የሚመጣ የሰውነት ምላሽ ሲሆን «ሎውዝ» ልብ ውስጥ ሰንብቶ የሚኖር መሆኑ ነው። «ሪቮልቲንግ» ከ«ዲስገስቲንግ» አንድ እርከን ከፍ ይላል። «ግሮስ» የወጣቶችና የመንገድ ቃል ነው፤ ደመወዝ ላይ ሲመጣ ግን ያልተጣራ ጠቅላላ ማለት ነውና ዐውዱን እዩ። «ያክ» ደግሞ ከአፍ የሚያመልጥ ድምፅ ነው፤ የእኛ «ኤጭ» መበሳጨትንም ስለሚጨምር ሁልጊዜ አይተካውም።

ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦ ሀ. ትምህርት አስጠላኝ። ለ. ውሸቱን ስሰማ ተጸየፍኩት። ሐ. ጸጉር የሞላበት ማበጠሪያ ይቀፈኛል። መ. ተጸይፈው ከአዳራሹ ወጡ።

ሀ. «አይም ሲክ ኦፍ ስኩል»። «ትምህርት አቅለሸለሸኝ» ስለማይባል «ዲስገስት» አይገባም።

ለ. «አይ ወዝ ዲስገስቲድ ዊዝ ሂም ወን አይ ኸርድ ሂዝ ላይ»። «አይ ዲስገስቲድ ሂም» ብላችሁ ከሆነ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱ።

ሐ. «ኤ ኮም ፉል ኦፍ ኸር ዲስገስትስ ሚ»። ማበጠሪያው ባለቤት፣ «ኝ» «ሚ»። ማበጠሪያዎች ብላችሁ በብዙ ቁጥር ከጀመራችሁ የግሱ መጨረሻ «ስ» ትወድቃለች፦ «ዲስገስት ሚ»።

መ. «ዴይ ወክድ አውት ኦፍ ዘ ሆል ኢን ዲስገስት»። «ዴይ ዌር ዲስገስቲድ ኤንድ ወክድ አውት» ያላችሁም ትክክል ናችሁ። «ዴይ ዌር ዲስገስቲንግ ኤንድ ወክድ አውት» ከሆነ ግን የወጡት ሰዎች ራሳቸው የሚቀፉ ነበሩ ብላችኋል።